ዳንኤል ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?

ባለፈው ሐምሌ ለሥራ ጉዳይ ካዛንቺስ ሄጄ ዝናብ ያዘኝ። ጃንጥላ አልያዝኩም ነበር። በአዲሱ ሰፊ መንገድ ዳር ሕንፃ እየተሠራ ስለነበር ሠራተኞቹ በወጠሩት ሸራ ስር ሮጬ ገባሁ። ሸራው ውሃ ቋጥሮ ወደ ታች ረግቧል፤ አንዱ ሠራተኛ በእንጨት ከስር ሲገፋው ውሃው ባንዴ ተዘረገፈ። ሽታው የመጣው ያን ጊዜ ነው። የረጠበ ሸራ ሽታ፤ ጭቃም የቆየ ጭስም ያለበት።

ቀና ብዬ ግቢያችን የት ጋ እንደነበር ፈለግኩ። የብስክሌት መንገዱ ላይ ይሁን አበባው የተተከለበት ጋ መለየት አቃተኝ። ከጎኔ የቆመ ወጣት ሲያየኝ ቆይቶ፣ "የጠፋብሽ ነገር አለ እንዴ?" አለኝ።

"የለም። ልጅ ሆኜ እዚህ ነበር ቤታችን።"

"ኧረ ምኑን ታገኚዋለሽ፣ በቃ ሁሉም ተነሥቷል እኮ።"

ልክ ነው፣ ሁሉም ተነሥቷል። እኔ ግን በዚያ ሽታ ውስጥ ቆሜ የእማማ ተዋበችን ሳቅ አስታውሼ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። አጭርና ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ሳቃቸው ግን ከግቢው በር አልፎ ታክሲ መያዣው ድረስ ይሰማል ይባል ነበር።

ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሦስተኛ ልገባ የነበርኩበት ክረምት ነው። ግቢያችን ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፉ የቀበሌ ቤቶች ያሉበት፣ በአንድ የቆርቆሮ በር የሚገባበት ግቢ ነበር። እማዬ መሥሪያ ቤት ትውላለች። አባዬ የመንገድ ቅየሳ ሠራተኛ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ሀገር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እማዬ ጠዋት ጠዋት እኔን ለጎረቤታችን ለእማማ ተዋበች አስረክባ ትሄዳለች፤ እኔም ቀኑን ሙሉ እሳቸው በሄዱበት እሄዳለሁ፣ እሳቸው በተቀመጡበት እቀመጣለሁ።

በእማማ ተዋበች ቤት ግድግዳ ላይ የልጃቸው የዳንኤል ፎቶ ነበር። ነጭ የአስተናጋጅ ኮት ለብሶ፣ ቢራቢሮ ክራቫት አስሮ፣ ሊስቅ ሲል የተነሣው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እማማ ወደ ፎቶው ያዩና፣ "አንድ ልጄን ፈንጂ ወሰደብኝ" ይላሉ። እኔ ይህን አረፍተ ነገር ከልቤ አምኜዋለሁ፤ በራሴ መንገድ ግን። ምክንያቱም እናቴም ሰው ስለ አባዬ ሲጠይቃት፣ "ምን ላድርግ፣ ፊልድ ወሰደብኝ" ነበር የምትለው። ፊልድ ረጅም ጫማ ያደረገ፣ ጂፕ የሚነዳ ሰውዬ ይመስለኝ ነበር። ፈንጂ ደግሞ ወንድሙ። ጺሙ ትልቅ፣ ቁጡ፣ ግን ክፉ ያልሆነ። ፊልድ የወሰደው ሰው ፊቱ ጠቁሮ፣ ማር በጀሪካን ይዞ ይመለሳል፤ በዚያው ሐምሌ አባዬ እንዲያ ሆኖ መጥቶ፣ ትንሽ ሰንብቶ ሄዷል። ፈንጂ የወሰደው ሰው ለምን እንደሚቆይ ባይገባኝም፣ ሥራው ሩቅ ቦታ ይሆናል ብዬ ትቼዋለሁ።

የሆነውን ዛሬ በማውቀው ልናገረው። እኔ ገና ጡት ሳልጥል፣ በአንድ የነሐሴ ጠዋት፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ በነበረች ትንሽ ሻይ ቤት ውስጥ አሸባሪዎች ያስቀመጡት ፈንጂ ፈነዳ። ዳንኤል ሆቴል ሥራ ከመግባቱ በፊት ሻይ ይጠጣ ነበር። ዘይነባ የምትባል ቅመም ነጋዴ በበሩ በኩል ታልፍ ነበር። ሌላ አንድ ሰው ደግሞ ታክሲ ይጠብቅ ነበር፤ ሦስቱም እዚያው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ቀኑ ሲደርስ፣ እማማ ተዋበችና የዘይነባ ባል ጋሽ ሙሄ በግቢያችን ሸራ ወጥረው፣ ሰው ጠርተው ዝክር ያደርጋሉ።

ጥሪው የሚጀመረው ከጋሽ ሙሄ ነው። ቂርቆስ ውስጥ፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት የልብስ ስፌት ሱቅ ነበረቻቸው። በዚያ ዓመትም እማማ በአንድ እጃቸው እኔን፣ በሌላው ጃንጥላ ይዘው፣ ጭቃውን እየዘለልን ሄድን። ጋሽ ሙሄ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም። የስፌት መኪናቸውን መርገጥ አቆሙና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

"ሙሄ፣ ቀኑ ደርሷል።"

"መቼ ረሳሁት እትዬ ተዋበች። ሽንኩርትና ዘይቱ የኔ ነው፤ ዘንድሮም እንዳይከራከሩኝ።"

"ሸራውስ?"

"አለ። ትንሽ ቀዳዳ ናት ያለችበት።"

"አምና የቄሱን ጥምጥም ያበሰበሰችው ትንሽ ቀዳዳ ናት?"

"ዘንድሮ እሰፋታለሁ።"

"አምናም ልብስ ሰፊ ነበርክ።"

ጋሽ ሙሄ ሳቁ። ከዚያ እኔን አይተው፣ "ቀኑ ፍልሰታ ላይ መዋሉ እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ፤ ሥጋ የለ፣ የእናንተ የእኛ የለ፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ" አሉኝ። ከጠረጴዛቸው ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ መርጠው ሰጡኝ። ለአሻንጉሊቴ ቀሚስ ልሠራለት ነበር፤ ሀሳቤ ግን ሌላ ጋ ሄዷል። ሸራ ይወጠራል። ምግብ ይሠራል። ሰው ሁሉ ይጠራል። አባዬ ሲመጣ እንኳ ይህን ያህል አልተደገሰም። እንግዲያው፣ አልኩ በልቤ፣ ዳንኤል ሊመጣ ነው።

ነገሩ ያስጨነቀኝ በሰብለ ምክንያት ነው።

ሰብለ የዳንኤል እጮኛ ነበረች። ስታዲየም አካባቢ ፎቶ ቤት ትሠራለች። ዳንኤል ከሞተ በኋላ እማማን አልተወቻቸውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ፀጉራቸውን ታጥባለች፣ ታበጥራለች፣ አብረው ምሳ ይበላሉ። እማማም "ምራቴ" ነው የሚሏት። እኔ ሰብለን በጣም ነበር የምወዳት። ጣቶቿ የፎቶ ቤት መድኃኒት መድኃኒት ይሸታሉ፤ አንድ ቀን ፎቶ ቤቷ ወስዳ ከተቀባ ፏፏቴ ፊት አቁማ አንሥታኛለች።

በዚያ ክረምት አንድ ቅዳሜ ግን እማማ ጋ ከመግባቷ በፊት እኛ ቤት ጎራ አለች። አብሯት አንድ ረጅም ሰው ነበር፤ ያሬድ ይባላል። ሙዝ ይዞ መጥቷል። ጥርሶቹ ትልልቅ ስለሆኑ አፉን ገጥሞ ሊቀመጥ ሲሞክር እንኳ የሚስቅ ይመስላል። ሻይ ጠጥቶ ቶሎ ሄደ። እሱ ሲወጣ ሰብለ አልጋችን ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ታፍተለትል ጀመር።

"ሽማግሌ ልኮ አክስቴ እሺ ብላለች" አለች። "ከመስቀል በኋላ ነው ሠርጉ።"

እማዬ አቀፈቻት። "እልል አልልም፣ እማማ እንዳይሰሙ" አለች ቀስ ብላ።

"እሱ እኮ ነው። ምን ብዬ ልንገራቸው? ማለቴ፣ ምን የሚሉኝ ይመስልሻል? ልጄን ረሳሽው ነው የሚሉኝ።"

"ዝክሩ ይለፍ። አሁን አይሆንም።"

እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ የአሻንጉሊቴን ቀሚስ እየሞከርኩ ነበር። ትልልቆች መሬት ላይ የተቀመጠ ልጅ የሚሰማ አይመስላቸውም። እኔ ግን ሁሉንም ሰማሁ፤ ተረዳሁትም። ዳንኤል ለዝክሩ ይመጣል። ሰብለ ግን ለሌላ ሰው እሺ ብላለች። ዳንኤል ይህን ሁሉ ጊዜ ከፈንጂ ጋር ሲሠራ ከርሞ፣ ደክሞት፣ ምናልባትም ማር ይዞ ይገባና ከያሬድ ጋር በሩ ላይ ይገናኛሉ። ሌሊት በሕልሜ ሲጣሉ አየኋቸው። ያሬድ እየተመታም ጥርሱ ይታይ ነበር።

በማግስቱ ይሁን በሳልስቱ እንጃ፣ ከእማማ ጋር በራፉ ላይ ተቀምጠን ምስር እንለቅማለን። ዝናቡ ገና አልጀመረም። እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ ፍልሰታን እጾም ስለነበር ርቦኛል፤ ሲርበኝ ደግሞ ነገር አይቆይልኝም።

"እማማ፣ ዳንኤል ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?"

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። "የቱ ዳንኤል?"

"የእርስዎ ዳንኤል። ለዝክሩ። ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ካወቅን ያሬድ ቀደም ብሎ ይሄዳል። እንዳይጣሉ ብዬ ነው።"

እማማ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ሰፌዱን ከጭናቸው አውርደው መሬት አኖሩት።

"ዳንኤል የት የሄደ ይመስልሻል ማሂዬ?"

"ፈንጂ ወስዶት ነዋ። አባዬን ፊልድ እንደወሰደው።"

አልሳቁም። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። አጠገባቸው ሳቡኝና ፈንጂ ሰው እንዳልሆነ ነገሩኝ። ክፉ ሰዎች የሚሠሩት፣ ሲፈነዳ ሰው የሚገድል ነገር ነው አሉ። ዳንኤል ሻይ እየጠጣ ሳለ እንደሞተ፣ የተቀበረበትንም ቦታ አንድ ቀን ወስደው እንደሚያሳዩኝ ነገሩኝ። ድምፃቸው ምስር እንዴት እንደሚለቀም ሲያሳዩኝ የነበረው ድምፅ ነው፤ አልጨመሩበትም፣ አልቀነሱለትም።

እኔ አለቀስኩ። ፎቶው ላይ ሊስቅ ሲል ነበር፤ መጥቶ ሳቁን የሚጨርስ መስሎኝ ነበር የከረምኩት።

"ታዲያ ካልመጣ ለምንድነው የሚደገሰው?"

"እንዳንረሳው።"

"እርስዎ ይረሱታል?"

"እኔማ አልረሳም። ብቻዬን ማስታወሱ ነው የሚከብደኝ። ለዚህ ነው ሰው የምጠራው።"

በቀሚሳቸው ጫፍ አፍንጫዬን ጠረጉልኝና ሰፌዱን መልሰው አነሡ። ጥቂት እንደለቀምን፣ ወደኔ ሳያዩ፣ "ያሬድ ማነው?" አሉ።

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳወራሁ የገባኝ። ግን እማማን መዋሸት ከየት ይምጣ። "ሰብለ የምታገባው ነው" አልኩ። "ጥርሱ ትልልቅ ነው። ሙዝ አምጥቶልናል።"

"ደግ ነው?"

"ሻዩን ሲጨርስ ብርጭቆውን ራሱ አነሣ።"

"እንዲያ ነው?" አሉ። እጃቸው ግን ደህናውን ምስር ከጠጠሩ ጋር እየጣለ መሆኑን አየሁ። ዶሮዎቹ መጥተው ከእግራቸው ስር ለቀሙት።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀኖች እማማ፣ ቤተ ክርስቲያን አብሬያቸው ስሄድ ከወትሮው ረዘም አድርገው ቆሙ። ቅዳሜ ሰብለ መጥታ ፀጉራቸውን ስታጥብ እኔ በራፉ ላይ ቆሜ፣ አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ እያልኩ ጠበቅኩ። አልተናገሩም። ውሃው በዝቷል ብቻ አሉ። ሰብለም ሳሙናው ዓይናቸው ውስጥ እንዳይገባ ግንባራቸውን በመዳፏ ከለለችላቸው፤ ፀጉሩም እንዲሁ ታጥቦ አለቀ።

የዝክሩ ቀን ዶፍ ሆነ። የሰፈር ሰው ወንበሩን በራሱ ላይ ገልብጦ ተሸክሞ መጣ። የጋሽ ሙሄ ሸራ ቀዳዳው ተሰፍቷል፤ ከጎኑ ግን ሌላ ቀዳዳ ተገኘ። ቄሱ ቀና ብለው አዩና፣ "ዘንድሮ እዚህ ጋ ነው ለካ" ብለው ወንበራቸውን አሸሹ። ቄሱ ጸሎት አደረሱ፣ ጋሽ ሙሄ ዱዓ አደረጉ፣ ምስርና ሽሮ ጎመንና ድንች በትሪ ቀረበ። ከዚያ የምጠብቀው ነገር ተጀመረ።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ በለቅሶ ብዛት እማማ ታመው አልጋ ይዘው ነበር አሉ። በሁለተኛው ዓመት ጋሽ ሙሄ ተነሥተው፣ "ዘይነባ ይህን ሁሉ እንባ ብታይ ትቆጣን ነበር" ብለው አንድ የሚያስቅ ታሪኳን አወሩ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ፤ ስለ ሟቾቹ የሚናገር ሰው የሚያስቅ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው።

ጋሽ ሙሄ ጀመሩ። ዘይነባ መርካቶ ውስጥ ዝናብ መጥቶባት ጃንጥላ ልትገዛ ተከራከረች። ሻጩ ይምላል፣ እሷ ትሄዳለች፣ ይጠራታል፣ ትመለሳለች። ሲከራከሩ ዝናቡ አባራ። "አሁንማ ምን ያደርግልኛል" ብላ ትታው ሄደች። ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል፤ ግን "አሁንማ ምን ያደርግልኛል" የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁሉም አብሮ ይለዋል።

ቀጥሎ የዳንኤል ተራ ሆነ። ይህንንም የያዙት ጋሽ ሙሄ ናቸው። ዳንኤል ሰብለን ለመጀመሪያ ጊዜ ኬክ ቤት ሲጋብዛት የሚለብሰው አጣ። ጋሽ ሙሄ ጋ መጥቶ ለመነ፤ እሳቸውም ለአንድ ትልቅ ሰው ሰፍተው የጨረሱትን ሱፍ ለአንድ ከሰዓት አዋሱት። ኬክ ቤቱ ውስጥ ቁጭ እንዳሉ ባለ ሱፉ ሰውዬ ገብቶ ጎናቸው ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠ።

"አይቶ አይቶ ተነሣና፣ 'ይቅርታ ወንድሜ፣ ይህን ሱፍ የት ነው ያሰፋኸው?' አለው" አሉ ጋሽ ሙሄ። "ዳንኤል ምን ቢል ጥሩ ነው? 'ቂርቆስ ሙሄ የሚባል አለ፣ እጁ የተባረከ ነው።' ሰውዬው፣ 'እኔም እዚያው እያሰፋሁ ነው፤ ጨርቁ እንኳ አንድ ነው' አለው። ዳንኤልም፣ 'እንግዲያው በጣም ያምርብዎታል' አለው።"

ሸራው ስር ያለው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሰብለም እየሳቀች ቀጠለች፤ "ሰውዬው ሲሄድ ኬኩ እንዳይንጠባጠብበት ኮቱን አውልቆ እኔ ጭን ላይ አስቀመጠው። እኔ ደግሞ በፍቅር መስሎኝ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት።"

እማማ ተዋበች ከሁሉም በላይ ሳቁ። በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠርገው ሲያበቁ፣ "ሙሄ" አሉ።

"አቤት።"

"ዘንድሮ አንድ ሱፍ ትሰፋልኛለህ።"

"ለማን ነው እትዬ ተዋበች?"

"ለያሬድ። እሱም የሰው ሱፍ ለብሶ እንዳያገባት።"

ሳቁ ጸጥ አለ። እማዬ እኔን አየችኝ፤ እኔ ትሪው ላይ አፈጠጥኩ። ሰብለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ነይ እዚህ" አሏት እማማ። መጥታ እግራቸው ስር ተንበረከከች። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ዳንኤልን ረሳችው የሚሉኝ መሰለኝ። እርስዎንም የማጣ መሰለኝ።"

"እኔም ስሰማ ከፍቶኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። ምራቴን ወሰዱብኝ ብዬ አለቀስኩ። ኋላ ግን አሰብኩት። እነዚያ ሰዎች የወሰዱት ይበቃቸዋል። የአንቺን ዕድሜ አልጨምርላቸውም።" ከዚያ በሁለት እጃቸው ፊቷን ያዙ። "አግቢ ልጄ። ውለጂ። ቅዳሜ ግን እንዳትቀሪ፤ ፀጉሬን ሌላ ሰው ሲነካው አልወድም።"

አሁን ሁሉም ሰው አለቀሰ። ቄሱ እንኳ። ጋሽ ሙሄ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው እየወለወሉ፣ "ሕጉን ያፈረሱት እርስዎ ነዎት እንግዲህ፣ እኛ የለንበትም" አሉ። እማዬ ያቺን ከብዙ ቀን በፊት የዋጠቻትን እልልታ ለቀቀችው። ሌሎቹ ሴቶችም ተከተሏት።

የቀረው የሦስተኛው ሰው ተራ ነበር። ታክሲ ይጠብቅ የነበረውን ሰው ከእኛ ሰፈር የሚያውቀው አልነበረም። አስከሬን ለመውሰድ ሆስፒታል ሲሄዱ እማማ ወንድሙን አግኝተው፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብለው ሲጠይቁት፣ "ፉጨት ይወድ ነበር" ብሎ ብቻ ነግሯቸዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ለእሱ ልጆች እናፏጫለን። በሌላ ቀን ግቢ ውስጥ ያፏጨ ልጅ ይቆጡታል፤ በዚያ ቀን ግን ያላፏጨውን ነው የሚቆጡት። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ስለነበር ከእኔ የሚወጣው አየር ብቻ ነበር። ቢሆንም ከሁሉም ጠንክሬ አፏጨሁ። በቀደሙት ዓመታት ለጨዋታ ነበር፤ ያን ቀን ግን ለማን እንደማፏጭ አውቄያለሁ።

ሠርጉ ጥቅምት ውስጥ ሆነ፣ ቂርቆስ፣ የሰብለ አክስት ቤት። ፀሐይ ነበር። እኔ ነጭ ቀሚስ ለብሼ አበባ ያዝኩ። ያሬድ የጋሽ ሙሄን ሱፍ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ልክ ነው፣ እጅጌው ላይ ልክ ነው፣ ጋሽ ሙሄ ግን አላመኑም፤ ሙሽራው ባለፈ ቁጥር ተነሥተው ጀርባውን በእጃቸው ያስተካክላሉ። ያሬድ ገና ሲገባ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ የእማማን ጉልበት ስሞ ነበር። እማማ አገጩን ይዘው ቀና አደረጉትና ፊቱን ብዙ አዩት። ከዚያ፣ "እውነትሽን ነው ማሂ፣ ጥርሱ ትልልቅ ነው" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ዛሬም ታክሲ መያዣው ይደርሳል ብዬ አሰብኩ።

ምሳ ቀርቦ እማማ ከትልልቆቹ ሴቶች ጋር ተቀመጡ። እኔም ከጎናቸው ነበርኩ። የሙሽራው አክስት፣ ከክፍለ ሀገር የመጡ ወፍራም ሴት፣ እየዞሩ ሰው ያስተናግዱ ነበር። እማማ ጋ ሲደርሱ ወጥ ጨመሩላቸውና፣ "ይብሉ እንጂ እናቴ። ለመሆኑ የሙሽራዋ ምኗ ነዎት?" አሏቸው።

እማማ ጉርሻቸውን ዋጡ። ሰብለን ከሩቅ አዩዋት።

"አማቷ ነኝ።"

አክስትየው ግራ ገባቸው። ከእማማ ቀጥሎ ወደተቀመጡት ወደ ያሬድ እናት፣ ወደ ራሳቸው እህት፣ ዞሩ። የያሬድ እናት እጃቸው ትሪው ላይ እንዳለ እማማን አዩ፣ ከዚያ እህታቸውን።

"ሁለት ነን" አሉና ወንበራቸውን ወደ እማማ አስጠጉ።